የአማርኛ ኒውስሌተር ገጽ ቅንብር

ኒውስሌተር መሥሪያ ቤት፣ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ቤተ ክርስቲያን ለአባላቱ በየጊዜው የሚያወጣው አጭር ኅትመት ነው። የተለመደው ባለ 4 ገጹ ነው፤ አንድ ኤ3 ወረቀት (297 በ420 ሚሊ ሜትር) መሐል ለመሐል ሲታጠፍ አራት የኤ4 ገጽ ይወጣዋል። በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። 9 ገጽ የሚሞላ ጽሑፍ የያዘ አዘጋጅ ወይ አንዱን ይቆርጣል፣ ወይ ለ12 ገጽ የሚሆን ፎቶና ማስታወቂያ ይፈልጋል።

ሌይአውትን (የገጽ ቅንብርን) በግል ኮምፒውተር ላይ ካስፋፉት ቀዳሚ ፕሮግራሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ፔጅሜከር ነው። ዛሬ ማተሚያ ቤቶች በብዛት የሚያውቁት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን የአዶቢ ኢንዲዛይን ነው። ክፍያ ለከበደው ስክራይበስ በነፃ ይገኛል። ዎርድ ላይም ይሠራል፤ ግን አንድ ፎቶ ትንሽ ሲነካ ሦስት ገጽ ስለሚዘበራረቅ ከሁለት ገጽ በላይ ለሆነ ሥራ አይመከርም።

አማርኛ ላይ ብዙ ሥራ የሚበላሸው በአምድ ስፋት ነው። ኤ4 ላይ በግራና ቀኝ 15 ሚሊ ሜትር ኅዳግ ሲተው ለጽሑፍ 180 ይቀራል። ይህ በ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለሦስት አምድ ሲከፈል አንዱ 57 ገደማ ይሆናል። ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ «እንደሚያስፈልጋቸው»ን የመሰለ ቃል በየመስመሩ ለሚመጣበት አማርኛ ግን ጠባብ ነው። ኢንዲዛይን የአማርኛ ቃል መቁረጫ መዝገብ ስለሌለው ጽሑፉ በሁለቱም ጠርዝ እኩል ይሁን ከተባለ ቃላቱን እየገፋ መስመሩን በቀዳዳ ይሞላዋል። ስለዚህ ወይ ሁለት አምድ (በ6 ሚሊ ሜትር ክፍተት እያንዳንዱ 87)፣ ወይ ሦስት አምድ ሆኖ ግራ ጠርዙ ብቻ የተስተካከለ። የመጨረሻው አይስብም የሚሉ አሉ፤ ከቀዳዳው ግን ይሻላል።

የግዕዝ ፊደል ቁመቱ ከሞላ ጎደል እኩል ስለሆነ መስመሮች ሲጠጉ ገጹ ይጠቁራል። ለ10 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ፊደል 14 ነጥብ የመስመር ርቀት ደህና ነው። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለረጅም ጽሑፍ ይመቻሉ። ፊደሉን ማዘንበል ግን የግዕዝ ልማድ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ በግድ ሲያጋድለው ያስቀይማል። ለማጉላት ደማቁን መጠቀም ይበቃል። በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ፊደል ዝብርቅ ይሆናል፤ ገጹ ላይ ከመፍሰሱ በፊት በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ (ፎንት ቢቀየርም ፊደሉ ወደማይለወጥበት አጻጻፍ) መዞር አለበት።

ጽሑፉ እንደገባ የመጀመሪያው ሥራ ጽዳት ነው። ጸሐፊዎች አራት ነጥቡን ሁለቴ ሁለት ነጥብ በመምታት (፡፡) ይተኩታል፣ ወይም ከፊቱ ባዶ ቦታ ይተዉለታል። ባዶ ቦታው ካለ ነጥቡ ለብቻው ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይወርዳል። ፈልጎ በመተካት ሁሉንም ወደ አንድ «።» ማምጣት ደቂቃ አይፈጅም። ኢንዲዛይን ላይ በጽሑፍ ሣጥኑ ታችኛ ጥግ ቀይ የመደመር ምልክት ከታየ ያልገባ ጽሑፍ ተርፏል ማለት ነው። ፊደሉን አሳንሶ ከማስገባት ዓረፍተ ነገር መቀነስ ይሻላል።

ፎቶ ለኅትመት በሚታተምበት መጠን 300 ፒክስል በኢንች ይፈልጋል፤ የ87 ሚሊ ሜትር አምድ ለመሙላት 1028 ፒክስል ገደማ ማለት ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለአምድ ይበቃል፤ የሽፋን ሙሉ ገጽ ላይ ሲለጠጥ ግን ይደበዝዛል። ላኪው «እንደ ፋይል» እንዲልክ መንገር ነው። ምስሉ ኢንዲዛይን ውስጥ የሚታየው በማያያዣ ስለሆነ ፎልደሩ ቦታ ሲቀይር ማያያዣው ይበጠሳል፤ ፎቶዎቹን ከፋይሉ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ማኖር ያስፈልጋል።

ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ፒዲኤፍ ነው። ገጹ ጠርዝ ድረስ የሚሄድ ቀለም ወይም ፎቶ ካለ 3 ሚሊ ሜትር ከጠርዙ ውጭ ይለፍ፤ አለበለዚያ ሲቆረጥ ነጭ ክር ይቀራል። የጽሑፉ ጥቁር በጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። በአራቱ ቀለም የተደባለቀ ጥቁር ማሽኑ ትንሽ ሲንሸራተት እንደ «ጭ» ያሉ ቀጭን እግሮችን ያደበዝዛል። ገጾቹ ከ1 እስከ 4 በቅደም ተከተል፣ ለየብቻ ይላኩ። 4ን ከ1፣ 2ን ከ3 ጎን ማስተኛት የማተሚያ ቤቱ ሥራ ነው፤ ዲዛይነሩ አስቀድሞ ካጣመራቸው እዚያ ድጋሚ ተጣምረው ቅደም ተከተሉ ይዛባል።