«አቅሙ ደክሞ ነው» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ስለ ልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት

የ3 ዓመት ልጅ ጠዋት ከአልጋ ሲነሳ ያነክሳል። ጉልበቱ አብጧል፤ ግን አልቀላም፣ ልጁም አያለቅስም። ረፋዱ ላይ ከእኩዮቹ ጋር ይሯሯጣል። አባት «ወድቆ ይሆናል» ይላል። ጎረቤት «ብርድ ነው» ትላለች። አያት «ወጌሻ ይየው» ትላለች። እንዲህ እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ።

ከእንዲህ ዓይነት እብጠቶች አንዳንዶቹ ስም አላቸው፦ ጁቬናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይትስ። ከ16ኛ ዓመት ልደት በፊት የጀመረ፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የመገጣጠሚያ ብግነት ማለት ነው። ስለ እሱ ከሚባሉት ነገሮች ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

«ቁርጥማት የሽማግሌ በሽታ ነው»

አዛውንቶችን የሚይዘው በአብዛኛው የመገጣጠሚያ ማለቅ ነው። የልጆቹ ሌላ በሽታ ነው። ጆርጅ ስቲል የተባለ የለንደን ሐኪም በ1897 እ.ኤ.አ. የ22 ሕፃናትን ታሪክ ጽፎ ካሳተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1,000 ልጆች አንዱን ገደማ ይይዛል ተብሎ ይገመታል።

«የመከላከል አቅሙ ደክሞ ነው፤ የሚያጠነክረው ነገር ስጡት»

ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከእሱ የሚመዘዘው ምክር ሁሉ ስህተት ይሆናልና።

የልጁ መከላከያ አልደከመም። ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው፤ ዒላማውን ግን ስቷል። መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍን ሲኖቪየም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ሥራው መገጣጠሚያውን የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። በታመመው ጉልበት ውስጥ ግን ነጭ የደም ሴሎች እየጎረፉ ይሰፍሩበታል። ቲ ሴሎች ይገባሉ፤ ሌሎቹን የሚቀሰቅሱ እነሱ ናቸው። ማክሮፌጅ የሚባሉትም አሉ። የእነዚህ ወትሮ ሥራቸው ጀርምና የሞተ ሴል መዋጥ ነው። እዚህ ግን ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሊዩኪን 6 የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። መልእክቱ ሌሎች ሴሎችን ይጠራል። የተጠሩትም መጥተው ሌላ ይጠራሉ። ሽፋኑ ይወፍራል፣ ፈሳሹ ይበዛል፣ ጉልበቱ ያብጣል። ሳይታከም ከቆየ ካርቲሌጅ የሚባለውን ልስልስ አጥንት ይበላዋል። ወደዚያ ጉልበት የሚሄደው ደም ስለሚበዛም፣ በትንሽ ልጅ ላይ የታመመው እግር ከጤነኛው ሊረዝም ይችላል።

እኔን የሚገርመኝ የፍሬኑ ነገር ነው። «በቃ፣ አቁሙ» የሚሉ ሴሎች አሉ፤ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ። ተመራማሪዎች ከታመመ ጉልበት ፈሳሽ ቀድተው ሲያዩ እነዚህን በብዛት ያገኟቸዋል። ማለትም አልጠፉም። አጥቂዎቹ ናቸው የማይሰሟቸው።

ስለዚህ ማር፣ ዝንጅብል ወይም የቪታሚን ሽሮፕ ይህን ግርግር አያበርደውም። ልጁ በደንብ ይብላ፤ ይህ ለማንኛውም ልጅ ነው። ብግነቱ የሚፈልገው ግን ማብረጃ ነው።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው»

አይደለም። በአንዳንድ ልጆች በሽታው በትኩሳት ይጀምራል። ትኩሳቱ በየቀኑ ሽቅብ ይወጣና ይወርዳል፤ አብሮት ሽፍታ ብቅ ይላል። ሽፍታው በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ ትኩሳቱ በወጣበት ሰዓት በደንብ ማየት ያስፈልጋል። በዚህኛው ዓይነት ቀዳሚዎቹ ቲ ሴሎች ሳይሆኑ ማክሮፌጅና ኒውትሮፊል የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። አልፎ አልፎ ማክሮፌጆቹ ከቁጥጥር ውጭ ሆነው የራስን የደም ሴሎች እስከ መዋጥ ይደርሳሉ። ትኩሳቱ አልወርድ ካለ፣ ልጁ ከደከመ፣ ከደማ ወይም ግራ ከተጋባ ማደር የለበትም፤ ሆስፒታል ነው።

«የደም ምርመራው ምንም አላሳየም፤ እንግዲህ አርትራይትስ አይደለም»

ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ የሚሆነው ከእነዚህ ልጆች 5 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። ብግነትን የሚለካው ምርመራም ደህና ሊመስል ይችላል። በሽታው የሚታወቀው ሐኪሙ መገጣጠሚያውን ዳብሶ፣ ታሪኩን ጠይቆ፣ ሌሎች ምክንያቶችን አንድ በአንድ አውጥቶ ነው።

«ብርድ ነው፤ ወጌሻ ይሸው»

ብርድ ይህን በሽታ አያመጣም። ያበጠን መገጣጠሚያ አጥብቆ ማሸትም ያባብሰዋል። ደግሞ አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ልጁ ካተኮሰውና እግሩን አላስነካ ካለ፣ በውስጡ መግል ሊኖር ይችላል። ያኔ ያንኑ ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

በእኛ አገር ሌላ ግራ መጋባትም አለ። የቶንሲል ሕመም ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ ትኩሳትም «ቁርጥማት» ይባላል። በእሱ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ልብንም ይጎዳል። ለዚያ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን የግድ ነው፤ መቋረጥ የለበትም። ይህኛው በሽታ ግን በፔኒሲሊን አይድንም። የመገጣጠሚያ ቲቢም መታየት አለበት። ስሙ አንድ ስለሆነ ሕክምናው አንድ አይሆንም።

«የካንሰር መድኃኒት እየሰጡት ነው»

ሜቶትሬክሴት ለካንሰርም ይሰጣል፤ እውነት ነው። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ግን በጣም ያነሰ መጠን ነው፤ በሳምንት አንዴ ብቻ። በስህተት በየቀኑ መስጠት አደገኛ ስለሆነ ቀኑን ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ ጥሩ ነው። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል፤ ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል።

ከዚያ የሚቀጥሉት መድኃኒቶች መልእክቱን የሚያቋርጡ ናቸው። ኢታነርሴፕት ቲኤንኤፍን ይይዛል፤ በአሜሪካ ለልጆች የተፈቀደው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቶሲሊዙማብ የኢንተርሊዩኪን 6ን በር ይዘጋል። አባታሴፕት ቲ ሴሉ እንዳይቀሰቀስ ያደርጋል። ውድ ናቸው፤ በየቦታውም አይገኙም። ቲኤንኤፍ የተኛ ቲቢን አስሮ ከሚይዙት አንዱ ስለሆነ፣ እሱን የሚይዝ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ መዘለል የለበትም።

«ይረፍ፤ አይሯሯጥ»

ይሯሯጥ። መንቀሳቀስ ጡንቻውን ይጠብቅለታል። በጣም ባበጠበት ቀን ብቻ ቀለል ያድርግ።

«እብጠቱ ጠፋ፤ መድኃኒቱ ይቁም»

እብጠቱ ሲጠፋ ሴሎቹ ሁሉ አይሄዱም። የማስታወስ ችሎታ ያላቸው ቲ ሴሎች እዚያው መገጣጠሚያ ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። በሽታው ሲመለስ ብዙ ጊዜ ያንኑ ጉልበት የሚይዘው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ መቼ እንደሚቀንስ ከሐኪሙ ጋር ይወሰን፤ ብዙ ልጆች ቀስ በቀስ ያቆማሉ።

«ዓይኑ አልቀላም፤ ምን አገናኘው?»

ይኸው የሴሎች ግርግር ዓይን ውስጥም ይገባል። በተለይ ጥቂት መገጣጠሚያ ብቻ በተያዘባቸውና ኤኤንኤ የተባለው የደም ምርመራ ፖዘቲቭ በሆነባቸው ትንንሽ ልጆች ላይ ይበረታል። ዓይኑ አይቀላም፣ አያምም፤ ልጁም አጥርቶ እንደማያይ አይናገርም። ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን ሐኪም መሣሪያ ካልሆነ አይታይም። ለነዚህ ልጆች ቀጠሮው መጀመሪያ ላይ በየ3 ወሩ ነው፤ ጉልበቱ ደህና በሆነበት ወርም ጭምር።