«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፤ ሹሙ ግን ይከሰሳል

ይህን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም ማለት ይቻላል። ጅማ ውስጥ ከሂርማታ ገበያ እስከ ፈረንጅ አራዳ፣ በእድር ድንኳንም ሆነ በቀበሌ አዳራሽ፣ ሰው የሹም በደል አንሥቶ መሄጃው ሲጠፋው አንዱ ከጎን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል፤ ወሬውም እዚያው ላይ ይቆማል። ተናጋሪው ብዙ ጊዜ ሊያጽናና አስቦ ነው። ውጤቱ ግን ዝም ማሰኘት ነው። አባባሉን ከሥሩ ጀምሬ ላየው የተነሣሁት ለዚህ ነው፤ በአግባቡ ከተፈታ ዝም ለማሰኘት አያገለግልምና።

ፍቺው ቀላል ነው። ገበሬ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ በሬዎቹ ቢሰቡ፣ ማረሻው ቢሳል፣ ሰማይን ሊያርስ አይችልም። ሰማይ እጅ አይደርስበትም። ንጉሥም በክስ አይደረስበትም። አባባሉ ከእርሻ መንደር የወጣ ነው፤ ቤት መምታቱም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እንዳይዛባ ረድቶታል።

የተወለደበትን ዓለም ለማወቅ የነገሥታቱን ማኅተም ማየት ይበቃል። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ፣ ሥዩመ እግዚአብሔር፣ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ንጉሡን የሾመው እግዚአብሔር ነው፤ ስለዚህ የሚጠይቀውም የሚሽረውም እርሱ ብቻ ነው ማለት ነው። ሰማይ አባባሉ ውስጥ የገባው ቤት እንዲመታ ብቻ አይደለም፤ የሥልጣኑ ምንጭ ከዚያ ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን ነው። ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ ለእኔ የበለጠ የሚከብደው እርሱ ነው። ንጉሡ የመጨረሻው ዳኛ ነበር። ከመንደር ሹም የተጀመረ ሙግት ደረጃ በደረጃ ወጥቶ፣ በአፈ ንጉሡ በኩል አልፎ፣ ዙፋን ችሎት ላይ ያበቃል። ክስ ዳኛ ይፈልጋል። ከዙፋን ችሎት በላይ ችሎት ከሌለ ንጉሡን ከሶ የት ይቀርባል? አባባሉ እንግዲህ ለዘመኑ እውነተኛ መግለጫ ነበር። የፍርድ ቤቱ መሰላል የት ላይ እንደሚያልቅ ይናገራል እንጂ በደልን ዋጥ አድርጋችሁ ኑሩ አይልም።

ከክስ ነጻ ያወጣውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለ ደጃዝማቹ፣ ስለ ምስለኔው፣ ስለ ጭቃ ሹሙ አንድም ቃል አላለም። እንዲያውም አገሩ በሙግት የታወቀ ነበር። መንገድ ላይ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲል በዳዩ ባለበት ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። በላ ልበልሃ ሲሟገቱ የሚሰማው ሕዝብ ሥነ ሥርዓቱን እንደ ባለሙያ ያውቀዋል። የገዢው ግፍ የከፋበት ባላገርም ስንቁን ቋጥሮ፣ ስንት ቀን ተጉዞ፣ ንጉሡ በሚያልፍበት መንገድ ዳር «አቤት! አቤት!» ይላል። ሹሙን መክሰስ የቀናው ነበር ማለቴ አይደለም። ጉልተኛው ግብር ሰብሳቢም ዳኛም ስለነበረ፣ ገባሩ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን የሚያሰማው ለራሱ ለበዳዩ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ሌላው አባባላችን የተገኘውም ከዚሁ ኑሮ ነው፤ ሹም ደመወዝ አልነበረውም፣ የሚበላው ከሚገዛው አገር ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ሕግ ገዢዎችን ደመወዝተኛ ሲያደርግ የዚያ አባባል ምክንያት መቅረት ነበረበት። ምክንያቱ ቀረ፤ አባባሉ ግን እስከ ዛሬ በየቢሮው በጥሩ ጤንነት ይኖራል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ጅማ ደግሞ ስለ ንጉሥ ልትናገር የምትችል ከተማ ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዛሬም ይጎበኛል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ገዝተዋል። በግዛታቸው ውስጥ ቃላቸው ሕግ ነበር፤ ሆኖም ለምኒልክ ግብር ይገብሩ ነበርና ከእርሳቸው በላይ ጠያቂ ነበረ። የጅማ የውስጥ ነጻነት ያበቃው በ1924 ዓ.ም. ነው። እንደ አባ ጅፋር ካሉት የጊቤ ነገሥታት በፊት ደግሞ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ነበር፤ ሥልጣን በ8 ዓመት የሚለቀቅበት፣ ያጠፋ መሪ ጊዜው ሳይደርስ የሚነሣበት ሥርዓት። የማይጠየቅ መሪ በዚህ ምድር ላይ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነገር አይደለም።

ወደ ጽሑፍ ሕግ እንምጣ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑም የማይከራከሩበት መሆኑን ደነገገ፤ የ1948ቱም ደገመው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዛሬም የምንዳኝበት፣ በቁጥር 2137 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የኃላፊነት ክስ ሊቀርብ እንደማይችል ይናገራል። የገበሬው አባባል ከነመንፈሱ አንቀጽ ሆኖ ተጻፈ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ቆም አልኩ፤ ቁጥር 2138 ይህንኑ ከለላ ለሚኒስትሮች፣ ለምክር ቤት አባላትና ለዳኞች ከሥራቸው ጋር ለተያያዘ ድርጊት ያደርስላቸዋል። ቁጥር 2139 ለዚህ በር ይከፍታል፤ ባለሥልጣኑ ከሥራው ጋር በተያያዘ ወንጀል ከተፈረደበት በኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ሆኖም ለአንድ ሰው የተሰፋው ካባ እንዴት እየሰፋ ሹማምንቱን እንደሸፈነ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ይታያል። አባባሉን ያጣመመው ሕዝቡ ብቻ አይደለም።

ካባው የተቀደደው በ1966 ዓ.ም. ነው። የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ እንደቆየ ሲጋለጥ፣ ንጉሥ አይከሰስም የሚለው ትውልድ መጠየቅ ጀመረ። በዚያው ዓመት የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው ጅማ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ አስተዳዳሪው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ እንዲነሡ ጠየቀ፤ ተነሡም። ስለ ጅማ ሲወራ ቡናዋና ማሯ ይነሣል፤ ይህ ግን እምብዛም አይነሣም። ባለሥልጣናቱን የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞም ምስክር መስማት ጀመረ። ለአንድ ወቅት ያህል ይህች አገር ሹማምንቷን በሥርዓት ልትጠይቅ ነበር።

አልሆነም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። ኅዳር 14 ሌሊት ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ከእነርሱ መካከል የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ። ይህ ክስ አይደለም። ክስ ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት፣ ማስረጃው የሚነበብበት፣ ሕዝቡ ማን ምን እንዳጠፋ የሚያውቅበት ነገር ነው። የተረሸነ ሰው አይመልስም፤ ወሎ ላይ ማን ምን ያውቅ እንደነበረ ከተረሸኑት አንደበት የምንሰማበት ዕድል አብሮ ተቀበረ። ገዳዮቹም ራሳቸው የማይከሰሱ ሆነው 17 ዓመት ተቀመጡ። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ሲሰጥ ዋናው ሰው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ነበሩ። የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው። ችሎቱ ረጅም ነበር፣ ጉድለትም ነበረበት፤ ቢሆንም አገሪቱን ይገዙ የነበሩ ሰዎች ዳኛ ፊት ቆመው ስማቸው ሲጠራ መሰማቱን አቅልዬ አላየውም።

ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ማንኛውም ኃላፊና ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም ይደነግጋል። ዋናው ኦዲተር በአንቀጽ 101 መሠረት ሂሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ዓመት በዓመት ያልተወራረደ ሂሳብና ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዢ ይነበባል፤ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች «እናስተካክላለን» ይላሉ፤ በዓመቱ ያው ግኝት ተመልሶ ይመጣል። ባለሥልጣን ሲከሰስም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከሥልጣን ወርዶ ነው። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ ከመንግሥት የተነሡት በ1989 ዓ.ም. መግቢያ ነው፤ በሙስና 18 ዓመት የተፈረደባቸው በ1992 ዓ.ም.። በወንበሩ ላይ ሳለ የማይነካ፣ ከወንበሩ ሲወርድ የሚከሰስ ከሆነ፣ ሰው የሚማረው ከወንበር አለመውረድን ነው። መጠየቅ ያለበት ማኅተሙ በእጁ ሳለ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ አበባ ያለ ነገር ሊመስል ይችላል። ከቅርብ ላሳይ። በአንድ የጅማ ሰፈር የውሃ መውረጃ ቦይ ይሠራል ተብሎ ነዋሪው ገንዘብ አዋጣ። ጅማ ክረምቷ ከባድ ነው፤ ቦይ የሌለው ሰፈር ውስጥ ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ በር ድረስ ይመጣል። ቦዩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ነዋሪው ስብሰባ ሲጠራ ግን ከመድረክ የተነበበው ሪፖርት «ሥራው ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል» አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዲት እናት፣ ሰፈሩ እትዬ የሚላቸው፣ እጃቸውን አወጡ። ስንት ብር ተሰበሰበ? ሥራውን ማን ተረከበ? የርክክቡ ሰነድ ላይ የማን ፊርማ አለ? ሌላ አልጠየቁም። ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ስለሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ እንመለስበታለን» አለ።

ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሐጂ ዞር ብለው በለሆሳስ፣ «ተይው ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሏቸው። ክፋት የለባቸውም፤ ሴትዮዋ እንዳይጎዱ ፈርተው ነው። እሳቸውም ሳይቀመጡ፣ «ሐጂ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ልጅ ንጉሥ ነው? ትናንት እኮ ከእኛ ጋር ለዘይት ተሰልፎ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረው ሦስቱንም ጥያቄዎች አንድ በአንድ ደገሙ፤ መልሱ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብም ጠየቁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ቀና ብሎ ኃላፊውን አየ፤ ከዚያ ጻፈ።

አባባሉን ከተረጎሙ ሰዎች ሁሉ እኒህ እናት በልጠውብኛል። ንጉሡን አልነኩም፣ ሐጂንም አላቃለሉም፤ ቦታውን ብቻ አስተካከሉት። ከመድረኩ የተነገረው ውሸት ደግሞ ከጎደለው ቦይ የባሰ እንደሆነ የተረዱ ይመስለኛል። ገንዘብ አጠረ ብሎ እውነቱን የሚናገር ኃላፊ ይገሠጻል፣ ይታገዛልም። ያልተሠራውን ተሠራ ብሎ የሚያነብ ኃላፊ ግን የበላዩንም ያሳስታል፤ ለከተማው የሚላከው ሪፖርት ላይ ያ ሰፈር ቦይ ያለው ሰፈር ሆኗል፣ በጀትም ዳግመኛ አይመደብለትም። ሐሰተኛው ዓረፍተ ነገር ካልታረመ ጎርፉ በየዓመቱ ይመለሳል።

ከስብሰባው በኋላ ነዋሪዎቹ ማመልከቻ አዘጋጁ፤ ጉዳዩ አሁን ያለው እዚያ ላይ ነው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ተጠያቂው መሥሪያ ቤት በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ ይገባዋል። በመልሱ ያልረካ ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይችላል። ማመልከቻው እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ይዞ በመዝገብ ቤት በኩል ገብቷል፤ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ቀን ያለበት ቅጂም በነዋሪዎቹ እጅ ነው። ተመሳሳይ ጉዳይ ያለው ሰፈር ካለ ይህን ቅጂ ማኅተም አስመትቶ መቀበሉን አይርሳ፤ ያለ እርሱ 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አይቻልም።