ነርሲንግ ተማሪዎችና አደጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ገና ተማሪ ነኝ፣ የአደጋ ሥልጠና እኔን አይመለከተኝም።»

ይመለከትሃል። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት በ2019 ያሻሻለው የአደጋ ነርሲንግ (እንደ መሬት መንቀጥቀጥና ወረርሽኝ ባሉ አደጋዎች ጊዜ የሚሰጥ የነርስ አገልግሎት) የብቃት መመዘኛ፣ የመጀመሪያ ደረጃው ማንን እንደሚመለከት ሲናገር ስፔሻሊስት አይልም፤ መሠረታዊ ትምህርቱን የጨረሰ ነርስ ሁሉ ይላል። ታዲያ ከመመረቃቸው በፊት ካልተማሩት መቼ ሊማሩት ነው? ኮቪድማ ምረቃም አልጠበቀም። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች እየተከፈላቸው ሆስፒታል ገብተው ሠርተዋል።

«አደጋ የሚበዛበት አገር ተማሪ ዝግጁ ነው።»

ለጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ብርቅ አይደለም። የአደጋ ነርሲንግ ማኅበሯ የተቋቋመው ግን በ1998 ነው፤ የኮቤ መንቀጥቀጥ በ1995 ከ6,400 በላይ ሰው ከገደለ በኋላ። አደጋ ማየትና ለአደጋ መሠልጠን ለየቅል ናቸው።

«ቅድሚያ የሚታከመው በጣም የሚጮኸው ነው።»

የሚጮኽ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል። የሚያሰጋው ዝም ያለው ነው። በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተዘጋጀው «ስታርት» የሚባለው የትሪያጅ (ብዙ ተጎጂ ሲኖር ማን ቅድሚያ እንደሚታከም የመለየት) ዘዴ መጀመሪያ «መራመድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ!» ይላል። እነሱ አረንጓዴ ካርድ ይታሰርላቸዋል፤ ጉዳታቸው ቀላል ነው። ከቀሩት መሀል የማይተነፍስ ካለ የመተንፈሻ መንገዱን ትከፍታላችሁ፤ መተንፈስ ከጀመረ ቀይ (ወዲያው የሚታከም)፣ ካልጀመረ ጥቁር (የሞተ ወይም ሊተርፍ የማይችል)። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ ቀይ። የእጅ አንጓው ላይ የደም ምት የማይገኝለት፣ ቀይ። «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይታዘዝ፣ ቀይ። የቀረው ቢጫ (ትንሽ መጠበቅ የሚችል)።

ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የሚከብደው ጥቁሩን አልፎ መሄድ ነው። ዋርድ (የሆስፒታል መኝታ ክፍል) ላይ ለአንድ ታካሚ ያለንን ሁሉ እንድንሰጥ ነው የተማርነው። ይህን በንባብ ብቻ የሚለምድ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግማሹ ተማሪ ተጎጂ ሆኖ ይተኛ፣ ሌላው የቀለሙን ካርድ ይሰር፣ ሰዓት ይያዝ። አዳራሽም ገንዘብም አይጠይቅም፤ የግቢው ሜዳ ይበቃል።

«ቀድሞ ዘሎ የገባ ጀግና ነው።»

በሐምሌ 2024 ጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ መሬት ተንሸራተተ። ጎረቤት በአፈር የተዋጡትን ሊያወጣ ሮጦ መጣ። ሁለተኛው ናዳ እነሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ ወገን ነው የጠራቸው። ነርስ ግን ከመግባቷ በፊት ቦታው ደህና መሆኑን እንድትጠይቅ መሠልጠን አለባት።

«የነርስ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያልቃል።»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። በ2016 ጃፓን፣ ኩማሞቶ ውስጥ መንቀጥቀጡ በቀጥታ የገደለው 50 ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በጭንቀት፣ በመጠለያ ኑሮና በሕክምና መቋረጥ የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ቤት ለመግባት ፈርተው መኪና ውስጥ ያደሩ ሰዎች እግራቸው ላይ ደም ረጋ። መጠለያ ውስጥ ደግሞ ሽንት ቤት ሩቅ ሲሆን አዛውንቶች ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ያልቃል። እዚያ የሚፈለገው ውሃ የሚያጠጣ፣ እግር የሚያንቀሳቅስ፣ መድኃኒት የሚቆጥር ሰው ነው። ይህን ደግሞ የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል።