ሬስ ኮንዲሽን ምንድን ነው? ፋይሉ ሳይነካ የሚያጥርበት ምክንያት

ማታ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ሰው ሬስ ኮንዲሽንን በደንብ ያውቀዋል። ረዳቱ "አንድ ሰው!" ይላል፣ ሁለት ሰዎች ያንኑ ባዶ ወንበር አይተው በሁለት በኩል ይሮጣሉ። ሁለቱም ያዩት ልክ ነው። ጉዱ ያለው በማየትና በመቀመጥ መሀል ነው። ኮምፒውተር ላይም ሁለት ሥራዎች አንድ ነገር ነክተው ውጤቱ ማን ቀደመ በሚለው ከተወሰነ፣ ሬስ ኮንዲሽን ይባላል።

ፋይሉ በኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ቱሉ ዲምቱ ያለ ትንሽ የዲዛይን ቢሮ አስቡ፤ ኮምፒውተሮቹ ፋይላቸውን አንድ ሰርቨር ላይ በኤንኤፍኤስ (NFS፣ ፋይልን በኔትወርክ የመጋሪያ ዘዴ) ያስቀምጣሉ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው፣ ዛሬም የሚሠራበት ነው። በየኮምፒውተሩ ያለው ክላየንት (ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገረው ፕሮግራም) ለእያንዳንዷ ነገር ሰርቨሩን አይጠይቅም። የፋይሉን መጠን ይዞ ይቆያል፤ ሊነክስ ላይ ካልቀየሩት በቀር ከ3 እስከ 60 ሰከንድ ያምነዋል።

አሁን ክላየንቱ "የፋይሉ መጠን ስንት ነው?" ብሎ ላከ እንበል። መልሱ ሳይመዘገብ ሌላ ትሬድ (እዚያው ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ፋይሉ ጫፍ ላይ ጻፈ፣ አዲሱ መጠንም ተመዘገበ። ከዚያ የመጀመሪያው መልስ ዘግይቶ ይደርስና አሮጌውን ቁጥር በአዲሱ ላይ ይጽፍበታል። ፋይሉ አጥሮ ይታያል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን ሙሉ ነው።

ቢሮ ውስጥ ያለው ሁሉ "ኔትወርኩ ነው" ይላል። ከከተማ ዳር ስንኖር መብራትና ኢንተርኔት ስም ስላወጡ ጥፋቱ ሁሉ እነሱ ላይ ይለጠፋል (አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው)። ግን እዚያው ክፍል ያለ ሰርቨር ጋ ለመድረስ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቲሲፒደምፕን (tcpdump፣ በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ኤንኤፍኤስ በሚጠቀምበት ፖርት 2049 ላይ አስነሱና ሰርቨሩ የመለሰውን እዩ። መልሱ ልክ ሆኖ ስክሪኑ ላይ አሮጌው ካለ፣ ጥፋቱ የክላየንቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ኮዱ ላይ ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብ ጽሑፍ) መጨመር ይጀምራል፤ እኔ አልወደውም። ሎግ መጻፍ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ አካሄዱ ይቀየርና ባጉ (የፕሮግራሙ ስህተት) ይሰወራል፣ ሎጉን ስታነሱት ከች ይላል። የሚሻለው ክፍተቱን ሆን ብሎ ማስፋት ነው፦ የመጠን ጥያቄው መልስ ብቻ፣ ከደረሰ በኋላ ሳይመዘገብ ግማሽ ሰከንድ እንዲቆይ አድርጉ። በሳምንት አንዴ ብቅ ይል የነበረው ችግር ደጋግሞ ይመጣላችኋል።

መፍትሔው ቁልፍ (ሎክ፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እንዳይነካ የሚያግድ) መጨመር ብቻ አይደለም፤ ቁልፍ ይዞ ኔትወርክ መጠበቅ ሁሉንም ያስቆማል። የሊነክስ ክላየንት ለየጥያቄው ተራ ቁጥር ይሰጣል፣ ከተጠየቀ በኋላ መረጃው ታድሶ ከሆነ የዘገየውን መልስ አያምነውም። እናንተም ካስተካከላችሁ በኋላ ያቺን ግማሽ ሰከንድ ቶሎ አታውጧት። እሷ እያለች ፈትሹ፣ ችግሩ ካልታየ ያኔ አውጧት።