ስትሪንግ ሴቨር ምንድን ነው?

የቴኒስ ራኬታችሁን ወደ ብርሃን ያዙና መሃሉን ተመልከቱ። ከላይ ወደ ታች ከተዘረጉት ክሮች አንዱን በጣታችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። አግድሙ ክር ያረፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ቦይ ታያላችሁ። ጥፍራችሁን ብታስኬዱበት ይይዘዋል። የውሃ ጉድጓድ አፍ ላይ ያለ እንጨት በገመድ ሲፋቅ ኖሮ የሚያወጣው ዓይነት ቦይ ነው።

ክሩ የሚበጠሰው እዚያች ጋ ነው። ሲበጠስ «በኃይል መትቼው ነው» እንላለን። ክሩን የጨረሰው ግን ያ አንድ ምት አይደለም። ቶፕስፒን (ኳሱን ወደፊት የሚያሽከረክር ምት) በመታን ቁጥር የቁመት ክሮቹ ወደ ጎን ተንሸራተው ይመለሳሉ። በሄዱ በመጡ ቁጥር አግድሙ እንደ መጋዝ ይገዘግዛቸዋል። የሸክላ ሜዳ ላይ ይብሳል፤ ደቃቁ ብናኝ መሃላቸው ይገባና የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ስትሪንግ ሴቨር ይህን ግዝገዛ የምታስቀር፣ የምስር ክክ የምታክል ፕላስቲክ ናት። ሁለቱ ክሮች በሚገናኙበት ነጥብ መሃላቸው ትገባለች። ክር ክርን መብላቱ ይቀርና ሁለቱም እሷ ላይ ያርፋሉ። ራኬቱን ሙሉ መሙላት አያስፈልግም፤ ኳስ በብዛት የሚያርፍበት መሃል ላይ ከ10 እስከ 20 ቢገቡ ይበቃል። ዋናው ነገር ክሩ አዲስ ሳለ መግባታቸው ነው። ቦዩ ከጠለቀ በኋላ ብዙም አይጠቅሙም።

ለማን ይሆናሉ? እኔ እስከማምነው ድረስ በተለይ የአንጀት ክር ላለው ሰው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት እንደሚሠራ ሁሉ፣ ምርጡ የቴኒስ ክርም ከከብት አንጀት ነው የሚሠራው። ለክንድ ይመቻል፣ ውጥረቱን ይዞ ይቆያል። ግን ውድ ነው፤ ፍትጊያና እርጥበትም አይችልም። ዝነኛው የቴኒስ ተጫዋች ሮጀር ፌደረር ቁመቱን አንጀት፣ አግድሙን ፖሊስተር (ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር) አድርጎ ሲጫወት እነዚህ ፕላስቲኮች ራኬቱ ላይ ነበሩ።

ሙሉ ፖሊስተር ለወጠረ ግን አልመክርም። ፖሊስተር ኳስ የሚያሽከረክረው ተንሸራቶ ቶሎ ወደ ቦታው ስለሚመለስ ነው፤ ፕላስቲኳ ደግሞ ትይዘዋለች። በዚያ ላይ ፖሊስተር ብዙ ጊዜ ሳይበጠስ ነው የሚሞተው። ውጥረቱ ይወርዳል፣ ኳሱ አልታዘዝ ይላል። ያን ጊዜ ማስቀየር እንጂ ዕድሜ መቀጠል ለክንዳችሁም አይበጅም።

ፕላስቲኳን ካላገኛችሁ ጣታችሁ አለ። ጨዋታ ላይ አንድ ነጥብ ባለቀ ቁጥር የተጣመሙትን ክሮች ወደ ቦታቸው መልሱ። ራኬቱን ደግሞ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀት ውጥረቱን ያረግበዋል።