የዳሌ ጥበት ምንድን ነው? የእናት ቁመትና አቋም በእርግዝናና በወሊድ ላይ

በእርግዝና ክትትል የመጀመሪያ ቀን አዋላጅ ነርሷ እናትየዋን ጫማ አስወልቃ ቁመቷን ትለካለች። ቁጥሩ ከ150 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አጭር ስለሆንሽ በኦፕራሲዮን ካልሆነ አትወልጂም» የሚል ወሬ በቤትም በጎረቤትም ይከተላታል። ምልክቱ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ይህቺ እናት ምጧ ሲመጣ ኦፕራሲዮን ማድረግ ከሚችል ሆስፒታል ርቃ እንዳትገኝ።

ሕፃን ሲወለድ በአጥንት ቀለበት ውስጥ ያልፋል። በአማካይ የቀለበቱ መግቢያ ከጎን ወደ ጎን 13፣ ከፊት ወደ ኋላ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሐል ላይ ከግራና ከቀኝ ሁለት የአጥንት ሹሎች ወደ ውስጥ ገባ ይላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የመንገዱ ጠባብ ቦታ እሱ ነው። ወሩ የሞላ ሕፃን ጭንቅላት ደግሞ ከጎን ወደ ጎን 9.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አገጩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ከመጣ ከፊት ወደ ኋላ የሚያስቀድመው ስፋትም 9.5 ነው። አንገቱን ቀና ካደረገ 11.5 ይደርሳል፤ ግንባሩን አስቀድሞ ከመጣ ደግሞ 13.5። እንግዲህ ያው ሕፃን በዚያው ዳሌ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይቀረቀራል። የዳሌ ጥበት ስንል ብዙውን ጊዜ የምንናገረው ስለዚህ የጭንቅላትና የዳሌ አለመመጣጠን ነው። አንዲት እናት 2.8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀላሉ ወልዳ 4 ኪሎ የሚመዝነው ሊያስቸግራት የሚችለውም ለዚህ ነው።

ከውጭ የሚታየው ዳሌ ስለዚህ ቀለበት የሚነግረን ጥቂት ነው። ቀሚስ የሚሞላው ስፋት የሚመጣው ከሥጋውና ከላይኛው የዳሌ አጥንት አወጣጥ ነው፤ ሕፃኑ የሚያልፍበት ከሱ በታች ያለው ነው። «ዳሌዋ ሰፊ ነው፣ እሷስ በቀላሉ ትገላገላለች» ብሎ ቤት ማስቀመጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የጫማ ቁጥርም ተሞክሯል፤ ትንሽ እግር ያላት ሴት ዳሌዋ ጠባብ ነው ማለት አይቻልም። በጣት የሚደረገው የውስጥ ምርመራ የጠበበ መንገድ ሊያስጠረጥር ቢችልም ጤናማ ለሆነች እናት ምጥ ይዟት ስትገባ ዳሌዋን እየለኩ መተንበይን የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። የራጅ ልኬትም ኦፕራሲዮኑን አበዛ እንጂ ለእናትም ለልጅም የተሻለ ውጤት አላመጣም።

ታዲያ ቁመት ለምን ይለካል? ምክንያቱም ቁመትና የዳሌ አጥንት አብረው ስለሚያድጉ ነው። አጭር በሆኑ ሴቶች ዘንድ የተራዘመ ምጥና ኦፕራሲዮን በቁጥር ይበዛሉ። ነገር ግን አጭር እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው ትንሽ ልጅ ስለሆነ ብዙዎቹ በራሳቸው ምጥ ይወልዳሉ። በተቃራኒው 165 ሴንቲ ሜትር የሆነች እናት ልጇ ትልቅ ስለሆነ ወይም አመጣጡ ስለተበላሸ ምጧ ሊታገድ ይችላል። ረጅም ነሽና ቤትሽ ውለጂ የሚያሰኝ ልኬት ስለዚህ የለም። አጭር እናት ከምጡ ሌላ ወሩ ያልሞላ ወይም ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏም ከፍ ያለ ስለሆነ በክትትሉ የሆዷ እድገት በየቀጠሮው በሜትር መለካቱ ይጠቅማታል።

አጭርነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅም ተገቢ ነው። በዘር አጭር የሆነችና በልጅነቷ በልታ ያደገች ሴት አካሏ ሁሉ በልኩ የተመጣጠነ ነው። የሚያሳስበው በመቀንጨር የመጣ አጭርነት ነው፤ ረሃብና ተደጋጋሚ ተቅማጥ በተለይ ከፅንስ እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ የአጥንትን እድገት ይገታሉ። ወሎ ይህን በደንብ ያውቀዋል። በ77ቱ ድርቅ ጡት ይጠቡ የነበሩ ሴቶች ልጆች ዛሬ አርባውን አልፈዋል፤ ልጆቻቸው አሁን በመውለጃ ዕድሜ ላይ ናቸው። የተቀነጨረች እናት ትንሽ ልጅ ትወልዳለች፣ ያቺም ትንሽ ሆና የተወለደች በቂ ካላገኘች እንደ እናቷ አጭር ትሆናለች። ከዚህ ሌላ በልጅነት ፀሐይ በማጣት የሚመጣው ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መልፈስፈስ የዳሌውን ቀለበት ከፊት ወደ ኋላ ያጠበዋል። የልጅነት ሽባነት፣ በመኪና አደጋ የተሰበረ ዳሌ፣ ጀርባ ያጎበጠ የአከርካሪ ቲቢ ደግሞ ቀለበቱን ሊያጣምሙት ይችላሉ። የምታነክስ ወይም ጀርባዋ የጎበጠ እርጉዝ ቁመቷ ምንም ይሁን ምን ክትትሏን በሆስፒታል መጀመር አለባት።

ያለዕድሜ ጋብቻ እዚህ ላይ ይነሳል። ልጅቷ ቁመቷ መጨመር ካቆመ በኋላም ዳሌዋ ገና ለጥቂት ዓመታት ይሰፋል። የ15 ዓመቷ ልጅ አድጋ የጨረሰች ብትመስልም የምትወልድበት አጥንት አልጨረሰም። ሕጉ 18 ዓመት ማለቱ ከአካሏም ጋር ይስማማል።

ስለ ውፍረትና ቅጥነት ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል፤ ከሁሉም የሚጎዳው «ልጁ እንዳይገዝፍና እንዳያስቸግርሽ ቀንሰሽ ብይ» የሚለው ምክር ነው። ፅንስ ምግብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚጎዳው ከቆዳ ሥር ያለው ስብና በጉበት የሚቀመጠው ስንቅ ነው፤ ደሙ ወደ አንጎል እንዲያደላ ስለሚደረግ ጭንቅላቱ በመጨረሻ ነው የሚነካው። ስለዚህ ቀንሳ የበላች እናት የምታገኘው ጭንቅላቱ ብዙም ያላነሰ፣ አካሉ ግን የከሳና በቀላሉ የሚበርደው ልጅ ነው። እሷም ደም አንሷት፣ አቅም አጥታ ምጥ ትገባለች። በክትትል የክንዷ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከተገኘ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ገበታ በቀን፣ ምስርና ሽሮው ሳይቀር፣ ሲገኝ እንቁላልና ወተት፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት እንክብል ደግሞ በየቀኑ። በረመዳን ለራሷ ወይም ለፅንሱ የሰጋች እርጉዝ ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ እንድታዘገይ ሃይማኖቷ ፈቅዶላታል፤ ክርስቲያኗም የንስሐ አባቷን ታማክር።

ቁመትና ክብደት አንድ ላይ ሲታዩ መለኪያው ክብደትን በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ስኩዌር ማካፈል ነው። 150 ሴንቲ ሜትር ሆና 45 ኪሎ የምትመዝን ሴት 45ን ለ2.25 ስታካፍል 20 ታገኛለች። ከ18.5 በታች ከሲታ፣ እስከ 25 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። መካከለኛዋ እናት በእርግዝናው ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፣ ከሲታዋ ከ12.5 እስከ 18፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላት ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይመከራል። ስሌቱ ግን ከማርገዟ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ወራት በተመዘነው ክብደት መሠረት መሆን አለበት፤ በ8ኛው ወር ተመዝና የመጣች እናት በዚህ አትዳኝም። እንደ ደሴና ኮምቦልቻ ባሉ ከተሞች ውፍረትም ችላ የሚባል አይደለም። ከእርግዝና ጋር የሚመጣ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ከ4 ኪሎ ያለፈ ልጅ፣ ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው የሚቀረቀር ልጅ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመረቅዝ ቁስል ሁሉ በወፍራም እናት ላይ ይበዛሉ።

ጥበት መኖሩን በእርግጠኝነት የሚያሳየው ምጡ ራሱ ነው። ከወሊድ በፊት ጭንቅላቱ ወደ ዳሌ አለመውረዱ ብቻውን አያስፈርድም፤ በአፍሪካውያን እናቶች ብዙ ጊዜ ምጥ ሲጀምር ነው የሚወርደው። በምጥ ወቅት የራስ ቅሉ አጥንቶች ትንሽ እየተደራረቡ ጭንቅላቱ ይጠብባል፣ የእናትየዋ መገጣጠሚያዎችም በእርግዝናው ስለላሉ ጥቂት ይከፈታሉ። በጀርባ ከመተኛት ይልቅ መቀመጥ፣ መንበርከክ፣ ቁጢጥ ማለት መውጫውን ያሰፋዋል፤ እናቶቻችን ተንበርክከው ይወልዱ የነበረው ያለ ነገር አይደለም። አዋላጇ የማህፀን በር መከፈቱን፣ የጭንቅላቱን መውረድ፣ የልጁን የልብ ምት፣ የእናትየዋን የደም ግፊትና ሽንት ፓርቶግራፍ በተባለው የምጥ መከታተያ ቅጽ ላይ ታሰፍራለች። በሩ 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ለመጀመሪያ ልጅ ብዙ ጊዜ ከ12 ሰዓታት፣ ወልዳ ለምታውቅ ከ10 ሰዓታት አያልፍም። ሙሉ ከተከፈተ በኋላ ያለው መግፋት በመጀመሪያ ልጅ ከ3፣ በሌሎቹ ከ2 ሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ከዚህ ካለፈ መመርመር አለበት። ቁርጠቱ ጠንካራ ሆኖ ጭንቅላቱ ባለበት ከቆመ፣ የራስ ቅሉ አጥንቶች በጣት ሲገፉ የማይለያዩ እስኪሆኑ ከተደራረቡ፣ ሽንቷ ደም ከቀላቀለ፣ ብልቷ ካበጠ ምጡ ታግዷል ማለት ነው። ያኔ ጥያቄው ወደ ኦፕራሲዮን መድረስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰው ይገድላል። አንደኛው የታገደ ምጥ ላይ የምጥ መርፌ፣ ማለትም ኦክሲቶሲን መጨመር ነው፤ በተለይ ደጋግማ በወለደች ሴት። የመጀመሪያዋን የምትወልድ ማህፀኗ ሲታገድ ደክሞ ሊያርፍ ይችላል፤ ደጋግማ የወለደችው ግን እስኪቀደድ ይታገላል። «አምስት የወለደች ዳሌዋ ተፈትኗል» የሚለው መተማመኛ እሷን ከሁሉ ያዘገያታል፣ ስድስተኛው ከቀደሙት ሊገዝፍ እንደሚችል ይረሳል። ሁለተኛው ሆዷን ከላይ እየተጫኑ መግፋት ነው። መንገድ ላጣ ጭንቅላት ግፊት አይጠቅመውም፣ ማህፀኗን ይቀደዋል።

ለሰዓታት ከአጥንት ጋር የተጨመቀው የፊኛና የብልት ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሲረግፍ ሽንት ያለማቋረጥ መፍሰስ ይጀምራል። ይህ ፊስቱላ ነው። ምጧ ታግዶ የቆየች እናት ልጁ በምንም መንገድ ቢወለድ የሽንት ቱቦ ገብቶላት ከ7 እስከ 14 ቀን እንዲቆይ የሚደረገው ፊኛው አርፎ ትንሹ ቀዳዳ እንዲዘጋ ነው። ቱቦው አስቸገረኝ ብላ ቀድማ ማስወጣት የለባትም። መፍሰሱ ከጀመረ በአማራ ክልል የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ባሕር ዳር አለ፣ ሕክምናውም በነፃ ነው።

በወሎ አቀማመጥ ትልቁ ጠላት መንገዱ ነው። ከአምባሰል ሸለቆ፣ ከደላንታ አምባ ወይም ከቦረና ቆላ በክረምት በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት መድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ጤና ጣቢያ ያዋልዳል፣ ኦፕራሲዮን ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ ቁመቷ ከ150 በታች የሆነች፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነች፣ የምታነክስ፣ ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን የሆነች ወይም ምጧ ቆይቶ ልጅ የሞተባት እናት ከመውለጃዋ 2 ሳምንት ገደማ ቀድማ የእናቶች ማቆያ ትግባ፤ ከተቻለም ከሆስፒታል አጠገብ ያለውን፣ ደሴም ሆነ ወልድያ፣ አቀስታም ሆነ መካነ ሰላም የሚቀርባትን ትምረጥ። ቀኑን ለማስላት የመጨረሻ የወር አበባዋ በጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን መደመር ነው፤ መካከል ላይ ጳጉሜን ካለፈች 10 ሳይሆን 5 ቀን ይደመራል። የካቲት 5 የጀመረ ከሆነ ኅዳር 10 ላይ ትወልዳለች ተብሎ ይጠበቃል፣ ማቆያ የምትገባው ጥቅምት 26 አካባቢ ነው። የቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ እድር ሰው ቃሬዛውንና ተሸካሚዎቹን አስቀድሞ ይደልድል፣ ደም የሚሰጡ ሁለት ዘመዶች ይታወቁ፣ ስንቋም ይዘጋጅ። ዱበርቲዎች፣ ማለትም ለእርጉዟ የሚጸልዩት እናቶች ለዱዓ ሲሰበሰቡ፣ «ማርያም ትፍታሽ» ሲባል፣ ይህን መነጋገር ይቻላል፤ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ የሚገኘው ያኔ ነው።

በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ከሆስፒታል ስትወጣ ምክንያቱ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቃ ትያዝ። «ልጁ በቂጡ ስለመጣ» ወይም «የልብ ምቱ ስለወረደ» ከሆነ ሁለተኛውን በራሷ ምጥ ልትሞክር ትችላለች፣ ግን ሆስፒታል ውስጥ ብቻ። «ጭንቅላቱ ከዳሌው አልመጣጠን ስላለ» ከሆነ ዕድሉ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ሐኪሙ የአሁኑን ልጅ ግዝፈትና አመጣጥ አይቶ ይወስናል። ቀጣዩን ፅንስ ከ24 ወር በፊት ባትይዝ ይመረጣል። ወረቀቱን ከክትትል ካርዷ ጋር በፕላስቲክ አድርጋ ታስቀምጥ፤ በሌሊት ተሸክመዋት የሚመጡት ሰዎች ምክንያቱን ላያውቁት ይችላሉ።