የታካሚ ደህንነትን በጨዋታ ማስተማር

የታካሚ ደህንነት ትምህርት ዓላማው ሕክምናው ራሱ ታካሚውን እንዳይጎዳ መከላከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚሆን የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ሁሉንም የጤና ሙያዎች የሚያቅፈውን ደግሞ በ2011 አውጥቷል። ይህን ትምህርት በጨዋታ ለመስጠት ኮምፒውተር የግድ አያስፈልግም፤ ካርቶን፣ እስክሪብቶና ባዶ አልጋ ይበቃሉ። በተለመደው «የስህተት ክፍል» አሠልጣኙ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ግሉኮስ ይሰቅላል፣ አለርጂ ላለበት ታካሚ ፔኒሲሊን ያዝዛል፤ ተማሪዎቹም ስህተቶቹን በተወሰነ ደቂቃ ለቅመው ያወጣሉ።

ዘዴው በአዲስ አበባ ዳርቻ ላሉ ሆስፒታሎች በተለይ ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የዘነበወርቁ አለርትም ሆነ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ከከተማው ነዋሪ ሌላ ከዙሪያው የኦሮሚያ ወረዳዎች የሚመጡትንም ያክማሉ። የቤተሰብ ስም በማይታወቅበት አገር በአንድ ክፍል ሁለት አበበች ከበደ ቢተኙ ብርቅ አይደለም። ኢንተርኑ (በሥራ ልምምድ ላይ ያለው ተመራቂ ሐኪም) «አበበች ከበደ ነዎት?» ሲል፣ ጆሯቸው የደከመ ወይም ከአማርኛ ይልቅ አፋን ኦሮሞ የሚቀናቸው እናት ሐኪሙን ላለማስቸገር ብቻ «አዎ ልጄ» ሊሉ ይችላሉ። በጨዋታው አንዱ ተማሪ እኚህን እናት ሆኖ ይተኛና ለተጠራው ስም ሁሉ «አዎ» ይላል፤ ደም ሊሰጥ የመጣው ጓደኛው ነጥብ የሚያገኘው «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ» ብሎ መልሱን ከካርድ ቁጥሩና ከደም ከረጢቱ ጋር ሲያመሳክር ነው።

የመድኃኒት ስሌትም በዚሁ መንገድ ይለመዳል። ለኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር ለሚመጣው መንቀጥቀጥ፣ በደም ሥር የሚሰጠው የመጀመሪያው 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት 50 በመቶ ከሆነው 8 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ በ12 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ይቀጥናል፤ ስሌቱን የሳተ ተማሪ የታካሚዋ ትንፋሽ እንደተዳከመ ከጨዋታው ካርድ ያነብባል፣ ማርከሻውን ካልሲየም ግሉኮኔትንም ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ይሉኝታን ማሸነፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ ሆኖም ማንም ቃል ሳይተነፍስ በእስክሪብቶ ብቻ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ በጨዋታው ከፍተኛው ሐኪም ሆን ብሎ «ግራ እግር» ይላል፤ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ካርዱ ቀኝ ነው የሚለው» የሚል ታናሽ ያልተገኘበት ቡድን ይሸነፋል። ቀጥሎ ሁሉም ተቀምጠው ለምን ዝም እንደተባለ ይነጋገራሉ፤ ይህ ውይይት ከጨዋታው ባላነሰ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ነጥቡ ከፈተና ውጤት ጋር ፈጽሞ መደመር የለበትም፤ ማርክ የሚቆረጥበት ተማሪ ስህተቱን ይደብቃልና።